የጊታር አምፕ ገበያና የሙዚቀኞች ግንኙነት ሥራ በወሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የጊታርና የክራር አምፕ፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ በሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ነው የምሠራው። ሰርኪቱን፣ የውስጡን ኤሌክትሮኒክስ፣ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። የእኔ ድርሻ ገበያውና ሙዚቀኛው ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ ከከሚሴ የሚደውሉልኝ ወጣቶች ጥያቄ በጣም ይመሳሰላል። አንዱ ሥራው ውስጥ መግባት ይፈልጋል። ሌላው ሙዚቀኛ ሆኖ ከአምፕ ሠሪ ጋር እንዴት እንደሚዋዋል ማወቅ ይፈልጋል። ለሁለቱም የምመልሰውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

ሁለት ሥራ ነው። በትልልቅ ፋብሪካዎች ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይይዙታል። ማርኬቲንጉ አምፑ ምን እንደሚችል ለገዢ ማሳወቅ ነው፦ ቪዲዮ፣ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ሱቅ፣ ኤግዚቢሽን። ሌላው አርቲስት ሪሌሽን የሚሉት ነው። እሱ አምፑን መድረክ ላይ ከሚጠቀሙት ሰዎች ጋር መክረም ነው። ማን የት እየተጫወተ ነው? ምን ተበላሸበት? የሚቀጥለው ሥራው መቼ ነው? እንደኛ ባለ ትንሽ ቤት ሁለቱንም አንድ ሰው ይይዘዋል።

ብዙ ሰው ሥራው ለታዋቂ ዘፋኝ ዕቃ ማደል ይመስለዋል። እሱ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ የሙዚቀኛውን ቅሬታ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ለሠሪው ማድረስ ነው። ጊታሪስቱ ድምፁ ይታፈናል ካለ ጥያቄው እዚያ ላይ ይጀምራል። የትኛው አውታር ላይ? ቮሊዩሙ ስንት ላይ ሆኖ? አዳራሽ ውስጥ ነው ወይስ ድንኳን? ይሄን ሳይዙ ወርክሾፕ መመለስ ሠሪውን ማድከም ነው።

ቅሬታ መስማት እንዴት ገበያ ያመጣል?

የማርሻልን ታሪክ ማየት ይበቃል። ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ ከበሮ መቺና የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ሱቁ የሚመላለሱት ጊታሪስቶች የሚፈልጉትን ድምፅ የሚሰጥ አምፕ አጣን እያሉ ያማርሩ ነበር። በ1962 ከጥገና ባለሙያው ከኬን ብራን እና ከወጣቱ ደድሊ ክሬቨን ጋር ሆነው የመጀመሪያውን አምፕ አወጡ። መነሻ ያደረጉት የአሜሪካውን ፌንደር ቤዝማን ሰርኪት ነው። ያገኙት የመለዋወጫ ዕቃ ግን ሌላ ስለነበር ድምፁም ሌላ ሆነ።

ከዚያ ዘ ሁ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንዜንድ መጣ። ድምፁ አነሰኝ አለ። 100 ዋት አምፕ ተሠራ። ስምንት ስፒከር ያለው አንድ ትልቅ ካቢኔት ጠየቀ፤ እሱም ተሠራ። ዕቃ የሚሸከሙት ልጆች ግን ከበደን አሉ። ስለዚህ ካቢኔቱ ለሁለት ተከፈለና አራት አራት ስፒከር የያዙ ሁለት ሳጥኖች ሆኖ ተደራረበ። ዛሬ በየሮክ መድረኩ ከጊታሪስቱ ጀርባ የሚቆመው ያ ረጅም ክምር የመጣው እንዲህ ነው። አንዱ ሙዚቀኛ አነሰኝ አለ፣ ተሸካሚው ደግሞ ወገቤን አለ። ሁለቱንም የሰማ ሰው ነበር።

ለዚህ ነው ሥራውን ለሚጀምሩ ልጆች ዘፋኙን ብቻ አታናግሩ የምላቸው። ዕቃ የሚጭነውን፣ ሳውንድ ማኑን፣ የሆቴሉን ኤሌክትሪሺያን አናግሩ።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟችሁ ያውቃል?

አዎ፤ ዝርዝሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሥራው በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ኮምቦልቻ አንድ ምግብ ቤት ማታ ማታ የሚጫወት የክራር ተጫዋች ደወለ። አምፑ የእኛ ነው። ክራሬ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል አለኝ። ስልክ ላይ ምክር መስጠት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን መሄዱን መረጥኩ።

ከጎኑ ተቀምጬ ሰማሁት። ክራሩ ቆዳ ላይ ከውስጥ በኩል ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ፒዞ የሚባል ቀጭን ክብ ነገር ተለጥፏል። ከፒዞው የወጣው ገመድ መጀመሪያ ሚክሰር ይገባል፣ ከሚክሰሩ ደግሞ ወደ አምፑ ይመጣል። ወፍራሙን አውታር ሲመታው የሚወጣው የጣቱ ኮሽታ ብቻ ነው። የክራሩ ሆድ የለም።

ጉዳዩ አምፑ አልነበረም። ፒዞ ደካማ ነገር ነው፤ ብዙ ጭነት ከተጫነበት መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። የመግቢያው ኦም ባነሰ ቁጥር ጭነቱ ይበዛል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ፒዞ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሟ 15 ናኖ ፋራድ ገደማ ከሆነ፣ 10 ኪሎ ኦም ላይ ስትሰካ ከ1,000 ኸርዝ (በሰከንድ 1,000 ንዝረት) በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ክራር ደግሞ ዋናው ሥጋው ያለው እዚያ ነው። 1 ሜጋ ኦም የሆነ መግቢያ ላይ ብትሰካ ግን ያው ፒዞ እስከ 10 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። የጊታር አምፕ መግቢያ ብዙ ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ነው። ገመዱን ከሚክሰሩ ነቅለን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካነው። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ መታና ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

እኔ ግን ሥራዬ አላለቀም። ይሄ ሰው ብቻውን አይደለም ብዬ ለሠሪዎቹ ነገርኳቸው። አሁን አምፖቻችን ላይ ክራር የሚል የራሱ መግቢያ አለ። ያ ተጫዋች ማስታወቂያ አልሠራልንም፣ አንድ ፎቶም አልለጠፈም። ለጓደኞቹ ነገራቸው። ወሎ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም።

ነፃ አምፕ ለማን ትሰጣላችሁ?

ለማንም አንሰጥም ማለት ይቻላል። ይሄን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አሉ፤ ግን ቁርጡን ማወቅ ይሻላል።

በዓለም ላይም ቢሆን ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ውሰት ነው፤ ለአንድ ኮንሰርት ወይም ለቀረጻ ተወስዶ ይመለሳል። ሁለተኛው የሙዚቀኛ ዋጋ ነው፤ ቅናሽ ይደረጋል፣ ሙዚቀኛው ግን ይከፍላል። አብዛኛው ስምምነት እዚህ ላይ ነው ያለው። ሦስተኛው ነፃ ነው፤ እሱ ለጥቂቶች ነው። ከዚያም ላይ በስማቸው አምፕ የሚወጣላቸውና ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኙ አሉ፤ እነሱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ በ1966 ለንደን ገባና ጂም ማርሻልን ተዋወቀ። የሄንድሪክስ ሙሉ ስም ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ ነው፤ ሞክሼ ሆኑ። ጂም ማርሻል በኋላ ሲያወራው፣ ይሄም ልጅ በነፃ ሊለምነኝ ነው የመጣው ብሎ ነበር። ሄንድሪክስ ግን በሙሉ ዋጋ እገዛለሁ አለ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የትም አገር ስጫወት ቢበላሽብኝ የሚጠግንልኝ ሰው ይኑር። ይሄ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። እኔም ሙዚቀኛ ሲመጣ የማቀርብለት መጀመሪያ ቅናሽ ሳይሆን ጥገና ነው። ቅዳሜ ሠርግ ያለው ሰው ዓርብ ማታ አምፑ ቢሞትበት ተለዋጭ ይወስዳል። የእሱ እስኪጠገን የእኛ ይሠራለታል።

ውል ውስጥ ምን መኖር አለበት?

በወረቀት ይሁን። ወሎዬ በቃሉ ያድራል፤ ነገር ግን ባንዱ ሲበተን ወይ ማናጀሩ ሲቀየር ቃሉን የሰማው ሰው አይገኝም።

ውሉ አምፑ የማን ንብረት እንደሆነ ይናገር። የውሰት ከሆነ መቼ ይመለሳል? ሲበላሽ ማን ይጠግናል? ሲሰረቅስ? ፎቶና ቪዲዮ የት የት ላይ ይለጠፋል፣ እስከ መቼ? ሌላ አምፕ ላይ መጫወት ይከለክላል ወይስ አይከለክልም? ይሄ የመጨረሻው በደንብ ይታሰብበት። የሌላ ባንድ መድረክ ላይ ወጥታችሁ ያገኛችሁትን አምፕ መጠቀም ግድ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ያንን የሚከለክል ውል አትፈርሙ። እኔም እንዲህ ያለ ውል አላስፈርምም።

አንድ ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር።

ታዋቂ ሰው ካልያዘው አይሸጥም ይባላል። እውነት ነው?

ታዋቂ ሰው ይረዳል። ጊታሪስቱ ካርሎስ ሳንታና አሜሪካዊው አምፕ ሠሪ ራንዳል ስሚዝ የሠራውን ትንሽ አምፕ ሞክሮ ያወጣው ቃል ነው ሜሳ ቡጊ በሚባለው የአምፕ ስም ውስጥ ቡጊ የሆነው። እንዲህ ያለ ዕድል ገንዘብ አይገዛውም።

ግን ታዋቂው ሰው ዕቃውን የወደደው ሥራውን ስለሠራለት ነው። ይሄን ማስቀደም ነው። ደሴ ላይ አምፕ የሚገዛው ልጅ አይኑ ያለው በየሳምንቱ በሚያየው ጊታሪስት ላይ ነው። ሆቴል ቤት የሚጫወተው፣ ሠርግ ላይ ጎረቤቱን ያስጨፈረው። ያ ሰው አምፑን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ለዓመት ከተጠቀመበት ልጁ ያምናል። እኔ ጊዜዬን የማጠፋው እነዚህ ላይ ነው።

100 ዋት ከ50 ዋት እጥፍ ይጮሃል?

አይጮህም። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ እጥፍ ሆነ የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 50 ዋት ያለው ሰው ልዩነት ፈልጎ 100 ዋት ቢገዛ ብዙም አይሰማውም። ይልቅ ስፒከሩን ይይ። ጥሩ ስፒከር ባለው 50 ዋት የማይረባ ስፒከር ያለውን 100 ዋት መብለጥ ቀላል ነው።

ይሄን ለገዢ መንገር ሽያጭ ያሳጣል የሚሉ አሉ። አንድ ትልቅ አምፕ ያሳጣ ይሆናል። ሰውየው ግን ለሚቀጥለው ዕቃ ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

ዋት ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ ቢትልሶችም አይተውታል። ቮክስ የሚባለው የእንግሊዝ አምፕ ሠሪ ለእነሱ ሲል 100 ዋት አምፕ ሠርቶ ነበር። በነሐሴ 1965 ኒውዮርክ ሺ ስታዲየም ውስጥ ከ55,000 በላይ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ጩኸቱ ዋጣቸው። ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ትልቅ የመድረክ ሳውንድ ሲስተም አልነበረም። አሁን አለ። ሠርግ ድንኳን ውስጥ አምፑ ለመድረኩ ይበቃል፤ ለሕዝቡ የሚያደርሰው አምፑ ፊት የቆመው ማይክና የሳውንድ ማኑ ስፒከር ነው።

ወሎ ውስጥ ገበያው የት ነው?

ሠርግ፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ባንዶች፣ የኪነት ቡድኖች፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዝሙር ቡድኖች፣ ተማሪዎች። የመዝሙር ቡድኖቹን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ይጫወታሉ፤ ዕቃቸውንም በደንብ ይይዛሉ።

የቀን መቁጠሪያውን ማወቅ ግን ግድ ነው። ወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርበት አገር ነው፤ አንድ ባንድ ውስጥም አብረው ይጫወታሉ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉ ይቆማል። ረመዳን ሲገባም እንዲሁ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ይገናኛሉ። ያኔ ሙዚቀኛው ኪስ ውስጥ ምንም የለም። በዚህ ጊዜ አምፕ ግዙ ብሎ መወትወት ነውር ነው። እኔ ጾሙን ለጥገና አደርገዋለሁ። ሙዚቀኛው ዕቃውን ያመጣል፣ እናጸዳለን፣ እንፈትሻለን። ጥር ሠርግ ከመጀመሩ በፊትና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ስልኬ ዕረፍት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። መንዙማው ቤት አምፕ ይዤ አልሄድም። ድቤና ጭብጨባ ያለበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ እኛ የምንጨምርለት ነገር የለም።

በወሎ ቅኝት ዲሞ (የአምፕ ማሳያ ቪዲዮ) መሥራት ይቻላል? ወይስ ሮክ ይሻላል?

በራሳችን ቅኝት ሥሩ! ይሄን በጣም ነው የማምንበት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ሲሰማ ያደገ ሕዝብ ፊት የፈረንጅ ሪፍ ብቻ አጫውቶ አምፕ ለመሸጥ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም የተጫወተውን የሰማ ሰው ጊታር ለቅኝቶቻችን እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል።

ግን አምፑን ለቅኝቱ ማስተካከል ያስፈልጋል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ቤሞል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ዶ እና ሬ ቤሞል ጎን ለጎን ናቸው፤ ሶልና ላ ቤሞልም እንዲሁ። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ከፍ አድርጋችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ካስጮሃችኋቸው ይፋጫሉ። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፅ ሲገባበት የሁለቱን ድምርና ልዩነት የሆኑ ሌሎች ድምፆችን ስለሚፈጥር ነው። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ኖታዎች ላይ ይሄ ጆሮ ይበላል። ስለዚህ ለአምባሰል ንጹሕ ድምፅ፣ ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋባት)፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ቀነስ። ሰፋ ያለ ክፍተት ባለው ትዝታ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ በሆነው፣ ዲስቶርሽን የሚያመጣውን ጌይን ጨመር ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም ሸጋ ይሆናል።

ዲሞ ስትቀርጹ ይሄንኑ አሳዩ። አንዱን ዜማ በንጹሕ፣ ከዚያ በጌይን። ሰው ልዩነቱን በሚያውቀው ዜማ ሲሰማው ይገባዋል።

ዲሞ ቪዲዮ በስልክ ብቻ ይበቃል?

ምስሉ ይበቃል። ድምፁ አይበቃም። ስልክ ከፍ ያለውን ድምፅ ራሱ ይቀንሳል፣ ዝቅ ያለውን ራሱ ከፍ ያደርጋል። አምፑ ለስላሳ ሲመታና በኃይል ሲመታ ያለውን ልዩነት ይገድለዋል፤ እኛ ደግሞ የምንሸጠው እሱን ነው።

ተራ ዳይናሚክ ማይክ ፈልጉ። የሹር ኤስኤም57 ከ1965 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ሌላም ይሆናል። ማይኩን ስፒከሩ ጨርቅ አጠገብ አድርጉት። መሃሉ ላይ ካነጣጠራችሁ ስለታም ድምፅ ትይዛላችሁ፤ ወደ ዳሩ ስትወስዱት እየለሰለሰ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩና በጆሮ ማዳመጫ ምረጡ። ከዚያ በኋላ ድምፁን በሶፍትዌር አታሳምሩት። ገዢው ቤቱ ወስዶ ያንን ድምፅ ሲያጣው የሚወቅሰው እናንተን ነው፤ እውነቱንም ነው።

ዘመዴ ከአሜሪካ አምፕ ልኮልኛል። እዚህ ይሠራል?

ሶኬት ውስጥ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። ጀርባው ላይ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ መሰካት ፊውዙን ያቃጥላል፤ ፊውዙ ካላዳነው ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። 220ን ወደ 110–120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። ዋቱ አምፑ ከሚስበው በላይ ይሁን፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። በትራንስፎርመር ሲሠራም ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራው በእኛ 50 ኸርዝ ሞቅ ይላል። ስለዚህ ግድግዳ አታስጠጉት፤ አየር ያግኝ።

ቲዩብ አምፕ (በቺፕ ፈንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ከሆነ አንድ ሕግ አለ። ስፒከሩ ሳይገናኝ በፍጹም አታስነሱት። የውጤት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ እሱን ደሴ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። የስፒከሩ ኦምም ከአምፑ ጋር ይግጠም፤ 4፣ 8 ወይም 16 ተብሎ ተጽፏል።

ጄኔሬተር ላይ የምትጫወቱ ደግሞ ስታቢላይዘር ይኑራችሁ። ድንኳኑ ውስጥ አምፖሎቹ ደመቅ ደብዘዝ ሲሉ ካያችሁ፣ አምፑም ያንኑ እየበላ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች የእኛን አምፕ የማይመለከቱ ናቸው፤ ቢሆንም እመልሳለሁ። የሌላ ፋብሪካ አምፕ ያለው ሰው ሁሉ ነገ የእኛ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ባይሆንም አምፑ ባይቃጠል ደስ ይለኛል።

የታወቀ የውጭ ብራንድ ስም ለጥፋችሁ ብትሸጡ አይሻልም?

አይሆንም። ሌብነት ነው። ቶሎ ይሸጥ ይሆናል፤ ሲበላሽ ግን ማን ይጠግነዋል?

ዋጋ ለምን ጨመረ?

ሳጥኑ፣ ጨርቁ፣ ጉልበቱ የአገር ውስጥ ነው። ስፒከሩ፣ ቺፑ፣ ኖቡ (የሚዞረው መቆጣጠሪያ)፣ ጃኩ ግን ከውጭ ነው የሚገባው። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ወርዷል፣ የዕቃውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ለደንበኛ ይሄን በግልጽ እነግራለሁ። ዋጋ ከመቀየሩ በፊት ቀብድ የከፈለ ሰው ግን በድሮው ዋጋ ይወስዳል።

ሥራው ውስጥ ለመግባት ምን ልማር?

ጊታር ወይም ክራር ትንሽ ተጫወቱ። ጎበዝ መሆን አያስፈልግም፤ ሙዚቀኛው ሲያወራ እንዲገባችሁ ነው። ኤሌክትሮኒክስ መሠረቱን እወቁ፤ ኦም፣ ቮልት፣ ዋት፣ ፊውዝ። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል የሚማሩ ጓደኞች ካሏችሁ አስተምሩን በሏቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ ይጠቅማል፤ የፒዞውም የቺፑም መግለጫ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። መጻፍ ተለማመዱ። ሙዚቀኛው ያላችሁን የዚያኑ ማታ ማስታወሻ ላይ ጻፉት፤ ጠዋት ላይ ግማሹ ከጭንቅላት ይጠፋል።

ዲግሪው ማርኬቲንግ ቢሆን መልካም ነው። ካልሆነም ችግር የለውም። ሰው ችላ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ማስተርስም ቢኖረው አይሆንልኝም።

ደመወዝ ነው ወይስ ኮሚሽን?

ቤቱ ይለያያል። እኔ ግን አብዛኛው ደመወዝ፣ ትንሹ ኮሚሽን ይሁን እላለሁ። ሙሉ በሙሉ በኮሚሽን የሚኖር ሰው 50 ዋት ለሚበቃው ልጅ 100 ዋት መሸጥ ይጀምራል።

ሴት ነኝ። የማታ ሥራ ስለሆነ ቤተሰቦቼ እምቢ አሉ። ምን ላድርግ እህቴ/ወንድሜ ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ

አብሽሩ። ዋናው ሥራ ማታ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሳውንድ ቼክ ሲደረግ ነው ሙዚቀኛው ጊዜ ያለው፤ ያኔ ነው ችግሩን የሚያሳያችሁ። ማታ ፕሮግራሙ ሲጀመር ማንም አያናግራችሁም። ማታ መቆየት ግድ በሚሆንበት ቀን ከባልደረባ ጋር ሂዱ፤ መመለሻ መኪናውን አሠሪው አስቀድሞ ያዘጋጅ። ይሄን ውለታ አድርጋችሁ አትጠይቁ፤ የሥራው ወጪ ነው። እምቢ የሚል አሠሪ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ወሎ ሆኜ ለውጭ አምፕ ፋብሪካ መሥራት እችላለሁ?

ቋሚ ቅጥሩ ብዙውን ጊዜ ቢሮአቸው ባለበት አገር ነው። ቪዲዮ መሥራት፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ የአንድን አገር ሙዚቀኞች ማስተዋወቅ ግን ከርቀት ይሠራል። እዚያ ለመድረስ እዚህ የሠራችሁት ይታይ። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ካሊፎርኒያ አናሃይም ውስጥ ናም የሚባል ትልቅ የሙዚቃ ዕቃ ኤግዚቢሽን ይካሄዳል፤ ማኅበሩ ከ1901 ጀምሮ ያለ ነው። ኩባንያዎቹ አዳዲስ ዕቃቸውን የሚያሳዩት እዚያ ስለሆነ ቪዲዮዎቹን ተከታተሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ።

ሙዚቀኛ ሆናችሁ ለኩባንያ የምትጽፉ ከሆነ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትጫወቱ፣ የትኛውን ሞዴል ለምን እንደፈለጋችሁ፣ ሁለት የቪዲዮ ሊንክ። መጀመሪያው መስመር ላይ ነፃ ስጡኝ የሚል ደብዳቤ አይነበብም። ሞዴሉን በስሙ ጠርቶ ይሄ ኖብ እንዲህ ያደርጋል፣ ክራር ስሰካበት ግን እንዲህ ሆነብኝ የሚል ደብዳቤ ግን ወደ ሠሪዎቹ ክፍል ይሄዳል።

አምፔ ተበላሽቷል። ወደ ደሴ እንዴት ላምጣው?

ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይታሰር። ከኮምቦልቻ ስትመጡ የሐረጎ ጥምዝምዝ ብሎኑን ያላላዋል፤ ዝናብ ከመታው ደግሞ ስፒከሩ ወረቀት ስለሆነ ይበሰብሳል። ውስጥ፣ መቀመጫ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ስፒከሩ ፊት ላይ ዕቃ አይደገፍ። ቲዩብ ከሆነ ከጠፋ በኋላ በደንብ ይቀዝቅዝና ይነሳ።

ከመምጣታችሁ በፊት ምን እንዳደረገ ጻፉልን። ሲነሳ ጀምሮ ነው ወይስ ሲሞቅ? ኖቡ ሲነካ ይንኮሻኮሻል? በሌላ ጊታርስ ሞክራችኋል? መንኮሻኮሽ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር እዚያው እያያችሁ ይጸዳል። ገመዳችሁንም ይዛችሁ ኑ። ተበላሸ ተብለው ከሚመጡልን አምፖች ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው፤ የተበጠሰው ገመዱ ጃክ ውስጥ ነው፤ እሱን በነፃ እንበይድላችኋለን።